ውሃ ያሳደገው አንበሳ

ቫልያ ሬቼ መንደር፣ የቅዱስ ዲሜጥሮስ ማግስት፣ 1983 እ.ኤ.አ.

ለተከበርከው ለትራያን፣ ቪየና ከተማ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ሳሉም ብርዱም ከደጅህ ይራቅ። እኔ ፓውና ነኝ። አያትህ ኢሊንካ የአጎቴ ልጅ ነበረች፤ ትምህርት ሲዘጋ እየመጣህ ከወፍጮዬ ሥር ስትንቦጫረቅ የምትውለው እኔ ቤት ነበር። ረስተኸኝ ከሆነ አልቀየምህም። አንተን ያሳደድኩበት ዱላ እንኳ ምድጃ ገብቶ አልቋል። እኔ ደኅና ነኝ፤ ከጉልበቴ ጋር ብቻ ከተኳረፍን ቆይተናል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጎረቤቴ ስታንካ በሯ ላይ አንበሶች አቁማለች። ሁለት። የሲሚንቶ ናቸው። አማቿ እንደ አንተ ቪየና ነው የሚሠራው፤ ነሐሴ ላይ መጥቶ አስተከለላት። አሁን በየጠዋቱ ወጥታ ጭንቅላታቸውን በጨርቅ ትወለውላለች። እኔ ሳልፍ ደግሞ "ፓውና፣ እንዳይነክሱሽ ዞር ብለሽ እለፊ" ትለኛለች። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀልድ የምሸከምበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም።

አንተ ታዲያ ቀራፂ ሆነሃል ይሉኛል። ቪየና የሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር ጋዜጣ አምጥቶ ፎቶህን አሳየኝ፤ ከሚንጠባጠብ ነገር አጠገብ ቆመሃል። መጀመሪያ ቧንቧ ሠራተኛ የሆንክ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀራፂ መሆንህን ሲነግረኝም ብዙ አልከፋኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቁም ተዝካሬን በሚቀጥለው ሳይሆን በዚያኛው ዓመት፣ ለጴጥሮስ ወጳውሎስ ላወጣ ቆርጫለሁ። ልጅ የለኝም፤ ከሞትኩ በኋላ የሚያወጣልኝ ስለሌለ እዚሁ ሆኜ ብበላው ይሻለኛል። መንደሩ ሁሉ በግቢዬ በር ሲገባ ግን በሩ ባዶውን እንዲቆም አልፈልግም። ስለዚህ አንበሳ ሥራልኝ። ሁለት። የስታንካዎቹ አፋቸው ዝግ ነው፤ የእኔዎቹ አፋቸውን ይክፈቱ።

የፕሪም ማርማላታ በሾፌሩ ልኬልሃለሁ። ጠርሙሱን መልስ።

እንደ እናት የምታስብልህ፣
ፓውና


ቪየና፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1983

ለውድ አክስቴ ለፓውና፣

ጤናዎ እንደ ወፍጮዎ ውሃ ሳያቋርጥ ይቀጥል። ማርማላታው ደርሶኛል፤ የቀረው ጠርሙሱ ብቻ ስለሆነ በዚሁ አውቶቡስ መልሼዋለሁ። አልረሳሁዎትም። ዱላውንም አልረሳሁም።

ስለ አንበሶቹ ግን እውነቱን ብነግርዎ ይሻላል። እኔ አንበሳ አልሠራም። መሮና መዶሻ ከጨበጥኩም ብዙ ዘመን ሆነኝ። የእኔ ሥራ ተፈጥሮ በዝግታ የምትሠራውን ተከትሎ መሄድ ነው፤ ጨው ሲጋገር፣ ብረት ሲዝግ፣ ጠብታ ድንጋይ ሲሆን። ጋዜጣው ላይ ያዩት የሚንጠባጠብ ነገር ገመድ ነው። ጨዋማ ውሃ ማንጠባጠብ ከጀመርኩበት ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ አሁን እንደ አውራ ጣት ወፍሯል። ጋዜጠኛው "ጊዜ ራሱ ቆሞ የሚታይበት ሥራ" ብሎ ጽፎለታል።

ይሁን እንጂ ደብዳቤዎ አንድ ነገር አስታወሰኝ። የእርስዎ ውሃ የነካውን ሁሉ ድንጋይ ያለብሳል፤ ቅጠሉን፣ ጭራሮውን፣ የሸረሪት ድሩን ሳይቀር። ባለቤትዎ ጋሽ ጋቭሪሎ ኮፍያቸው ቦዩ ውስጥ ወድቆባቸው፣ ከዓመታት በኋላ ድንጋይ ሆኖ ሲያገኙት "ከእንግዲህ ነፋስ አይወስደውም" ብለው የበር ማቆሚያ አደረጉት። እኔን እዚህ ሥራ ውስጥ የከተተኝ ያ ኮፍያ ነው። የቪየና ውሃ ሰነፍ ነው። የእርስዎን ውሃ በሕልሜ ሳይቀር አየዋለሁ።

እንዲህ ብናደርግስ? የአንበሳውን አጥንት እኔ በሽቦና በቃጫ ገመድ ሠርቼ ልላክ። ሥጋውን ውሃዎ ይሥራው። ትንሽ ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን በየትም አገር እንደ እሱ ያለ አንበሳ አይኖርም።

አክባሪዎ፣
ትራያን


ቫልያ ሬቼ፣ የጥምቀት ማግስት፣ 1984

ለትራያን፣

ዘንድሮ ወንዙ ከመባረኩ በፊት በረዶው በመጥረቢያ ነው የተሰበረው፤ በረከቱ ግን አልቀዘቀዘም፣ ለአንተም ይድረስህ።

ጠርሙሱ ደርሷል። ክዳኑስ?

"ትንሽ ጊዜ" ያልካትን ደጋግሜ አነበብኳት። ገመድ በስድስት ዓመት አውራ ጣት የሚያህል ከሆነ አንበሳ ስንት ሊፈጅ ነው? በግልጽ ጻፍልኝ። እርግጥ የእኔ ውሃ ሰነፍ አይደለም። ቦዩ ሥር የረሳሁትን ባልዲ አሁን የሚያነሣው ሁለት ሰው ነው። ቢሆንም አንበሳ ባልዲ አይደለም።

ሁለት ያልኩህንም ወደ አንድ አውርጄዋለሁ። መጀመሪያ፣ አንድ አንበሳ ብቻ ያለው በር ባል የሞተበት ይመስላል ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው እኔም ባል የሞተብኝ ነኝ። የወፍጮው ቦይ ከበሬ ጎን ስለሚወርድ እዚያው ፍንጣቂው ሥር ይቀመጣል፤ ማንም አይሸከመውም።

ለስታንካ ነገርኳት።

"አንበሳሽ ገና ሊበቅል ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ፣ እንደ ጎመን" አልኳት።

ቤቷ እስክትገባ ድረስ ሳቋ ይሰማኝ ነበር።

አግብተሃል ወይ? ጋዜጣው ላይ ያለው ኮትህ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል።

ፓውና


ቪየና፣ መጋቢት 14 ቀን 1984

ለውድ አክስቴ ለፓውና፣

ጸደዩ ለጉልበትዎ ምሕረት ይዞ ይግባ። አላገባሁም። ቁልፉ ተተክሏል። ክዳኑን እየፈለግሁ ነው።

የአንበሳው አጥንት በዓርቡ አውቶቡስ ይመጣልዎታል። ውሃው በቀጥታ እንዳይመታው፣ ፍንጣቂው ብቻ እንዲደርሰው አድርገው ያስተክሉት። ቅጠል ሲያርፍበት በእጅ ይልቀሙለት። ከዚያ ውጪ እባክዎ ምንም አያድርጉት። አይፈግፍጉት፣ ኖራ አይቀቡት፣ ማንም አያስተካክለው። የዚህ ሥራ ጥበብ ሁሉ አለመንካት ነው።

ጊዜውን በግልጽ ጻፍ ስላሉኝ፤ ውሃው በደኅናው ዓመት የአንዲት ጣት ውፍረት ያህል ያለብሳል። ፊቱ ፊት፣ ጎፈሩ ጎፈር እስኪመስል አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመት ብንል ነው። ይህን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ። ዋናው ነገር መጠበቁ ነው።

ራሴ መጥቼ ብተክለው ደስ ባለኝ፤ በዚህ ወቅት ግን ሥራ በዝቶብኛል።

አክባሪዎ፣
ትራያን


ቫልያ ሬቼ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በኋላ፣ 1984

ለትራያን፣

ጊዮርጊስ በፈረሱ ይከተልህ፤ አንተ በአውቶቡስ እንኳ ስለማትመጣ።

አንበሳህ ደርሷል። ሾፌሩ ጣሪያው ላይ ይጣመማል ብሎ ወንበር ላይ አስቀምጦት ነው የመጣው። ጉምሩክ ላይ "ይህ ምንድን ነው?" ቢሉት "የፓውና አንበሳ" አላቸው። እውነቱን ስለተናገረ መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ሻንጣው ተበረበረ። ከዚያ አውቶቡስ የወረደ ሰው እስካሁን በደንብ ሰላም አይለኝም።

ግንበኛው ፔትሮንዬ እንዳልከው አድርጎ ተከለው። ለጊዜው የዶሮ ቤት ነው የሚመስለው። አላፊ አግዳሚው ምን አውሬ ላጠምድ እንደሆነ ይጠይቀኛል። እኔ ግን በየጠዋቱ ቅጠሉን እየለቀምኩለት ነው። "እንዴት አደርክ" እለዋለሁ፤ ለጨዋነት ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ያልከውን ሳነብ ቁጭ አልኩ። ተዝካሬ እኮ የሚመጣው ዓመት ነው። ማፋጠኛ የለውም ወይ? ውሃውን ባሞቀውስ?

ሌላም ነገር አለ። አንተ ከተሜ ሆነሃልና ረስተኸው ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት እስከ አርባው ድረስ በስሙ ውሃ እየቀዳ ለየጎረቤቱ የሚያድልለት ዘመድ ያስፈልገዋል። አለዚያ በወዲያኛው ዓለም ሆኖ ይጠማል። የቁም ተዝካር ላይ ትልልቆቹ ሴቶች "ውሃሽን የሚቀዳልሽ ማነው?" ብለው በሰው ፊት ይጠይቃሉ። ስታንካ ሦስት የልጅ ልጆች አሏት፤ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" እያሉ ካሁኑ ይጣሉበታል። እኔ ገና አላሰብኩበትም።

ዘንድሮ ሽንኩርቱ ጥሩ ይዟል።

ፓውና


ቪየና፣ ሐምሌ 3 ቀን 1984

ለውድ አክስቴ ለፓውና፣

ቤትዎ በሰላም፣ ጓሮዎ በፍሬ ይሙላ። ሽንኩርቱ ጥሩ መያዙን በመስማቴ በጣም ደስ ብሎኛል። እዚህ የሚሸጠው ሽንኩርት ሽታ እንኳ የለውም።

ውሃው እንዳይሞቅ አደራ። ማፋጠን አይቻልም፤ ቢቻልም ያን ጊዜ የእኔ ሥራ አይሆንም። ተፈጥሮን ማስቸኮል ሐሰት ነው። ይህን ለተማሪዎቼም ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

አንድ መልካም ዜና አለኝ። እዚህ ያለ ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ኃላፊ ስለ አንበሳው ብነግረው ዓይኑ በራ። ፎቶ ማየት ይፈልጋል። ፎቶ የሚያነሣ ሰው በመንደሩ አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

አክባሪዎ፣
ትራያን


ቫልያ ሬቼ፣ የቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት፣ 1984

ለትራያን፣

ኒቆላዎስ በመንገድ ያለውን ሁሉ ይጠብቅ፤ ቤቱ የተቀመጠውንም አይርሳ።

ዘግይቼ የጻፍኩት ፎቶው ስላስቸገረኝ ነው። ያነሣሁት እኔ ነኝ። በመሐል ያለው ትልቁ ነገር አውራ ጣቴ ነው፤ አንበሳው ከጀርባው ይታያል።

መላ ሰውነቱ የድንጋይ ሽበት አውጥቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጠጉሩ ያልተሸለተ በግ ነው። ስታንካ "የፓውና በግ" ብላ ስም አውጥታለት መንደሩ ሁሉ እንደዚያው ይጠራዋል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ "ለፋሲካ ታርጂዋለሽ?" አለችኝ፣ ያውም ቄሱ እየሰማ። ቄሱም ሳቀ።

ግን ልንገርህ። ትናንት ቅጠል ስለቅምለት እግሩን ነካሁት። ገመድ አይደለም፤ ድንጋይ ይዟል። የፊት እግሩ ጥፍር ያለው ይመስላል። ጉልበቴን ረስቼ እዚያው በረዶው ላይ ተንበረከክሁና ሌላውንም እግሩን ዳሰስኩ። በጣም ደስ አለኝ። የምነግረው ሰው ስላልነበረ ለራሱ ነገርኩት።

ለጴጥሮስ ትመጣለህ? አልጋው ተነጥፏል። ከኢሊንካ ወገን የቀረኸኝ አንተ ነህ።

ፓውና


ቪየና፣ የካቲት 20 ቀን 1985

ለውድ አክስቴ ለፓውና፣

ታላቁ ጾም በጤና ይለፍልዎ። ጣትዎ የአዳራሹ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከጀርባው ያለውን አይቶ ወዲያው ወሰነ። በጥቅምት በሚከፈተው ኤግዚቢሽን መግቢያው ላይ የሚቆመው የእኛ አንበሳ ነው። አስቤው የማላውቀው ዕድል ነው። ከእግሩ ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ ካሁኑ አዘጋጅቻለሁ፤ "አንበሳ። ሽቦ፣ ገመድ፣ ውሃና ጊዜ። የትራያን ሥራ" ይላል።

መስከረም ላይ የጭነት መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ሠራተኞቹ ጠንቃቆች ናቸው፤ አይጨነቁ።

ለጴጥሮስ ለመምጣት በጣም እመኝ ነበር፤ ነገር ግን የዝግጅቱ ሥራ የሚጠናከረው ያን ጊዜ ነው። በሩ ባዶ እንዳይሆንብዎ ግን አስቤበታለሁ። የጎረቤትዎ አማች አንበሶቹን የገዛበትን ሱቅ አግኝቼዋለሁ። ሁለት የሲሚንቶ አንበሶች እልክልዎታለሁ። አፋቸውን የከፈቱም አሉ።

አክባሪዎ፣
ትራያን


ቫልያ ሬቼ፣ ፋሲካ፣ 1985

ትራያን፣

ክርስቶስ ተንሥቷል።

ደብዳቤህ ደርሷል። የሲሚንቶ አንበሳ አትላክ። መኪናውም ከጴጥሮስ በፊት እንዳይመጣ።

ሽንኩርቱ ዘንድሮ አልያዘም።

ፓውና


ቪየና፣ ግንቦት 6 ቀን 1985

ለውድ አክስቴ ለፓውና፣

በእውነት ተንሥቷል። ለእርስዎም የትንሣኤው ሰላም ይብዛልዎ።

ደብዳቤዎ አጭር ሆነብኝ። ምርቃቱ ከጀርባው ይኖር እንደሆነ ብዬ ወረቀቱን ገልብጬም አየሁት። ቅር አሰኝቼዎት ይሆን? አንበሳው የሚሄደው ለሦስት ወር ብቻ ነው፤ እርግጥ የሚገዛው ሰው ከተገኘ ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ጉልበትዎ እንዴት ነው? አንበሳውስ? ማንም አልነካውም አይደል?

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ትራያን


ቫልያ ሬቼ፣ ከጴጥሮስ ወጳውሎስ በኋላ፣ 1985

ለትራያን፣

ተዝካሬን አውጥቻለሁ፤ እግዚአብሔር የተመገቡትን ሁሉ ይባርክ፣ ያልመጡትንም ጨምሮ።

ማንም አልነካውም ወይ ብለሃል። ተነክቷል። ያስነካሁት እኔ ነኝ። ሲሚንቶ አስለስኜዋለሁ።

ቆይ፣ ወረቀቱን አትቅደደው። መኪና መጥቶ ይወስደዋል ስትለኝ ለፔትሮንዬ ነገርኩት፤ "ሲሚንቶ የነካውን ነገር ቪየና አይፈልግም" አለኝ። እኔም "እንግዲያው ባልዲህን ይዘህ ና" አልኩት። በየጠዋቱ ቅጠሉን የለቀምኩለት እኔ፣ በግ ሲባል የተሰደብኩበት እኔ፤ ከእግሩ ሥር የሚለጠፈው ያንተ ስም ብቻ ነው። ውሃውን እንኳ የፓውና ውሃ አላልከውም።

ፔትሮንዬ አንበሳ አይቶ አያውቅም። የስታንካን እንዳይቀዳ ከለከልኩት፤ ስለዚህ ከራሱ አወጣ። ሙሉ ቀን ከሠራ በኋላ ዞር ሲልልኝ አንበሳው ጋቭሪሎን ሆኖ ቁጭ ብሏል። ያ ሪዙ፣ ያ ከቀትር እንቅልፉ ሲቀሰቅሱት የሚያኮርፈው ፊቱ። አፉ ዝግ ነው፤ ሪዙ አላስከፈተውም።

"አላማረም፣ ላፍርሰው?" አለኝ ፔትሮንዬ።

"እስቲ ንካውና ታያለህ" አልኩት። ኮፍያውን ከበሩ ሥር አምጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩለት።

ተዝካሩ ዓርብ ስለዋለ በባቄላና በዓሣ ነበር፤ አረቄውን የሚከለክል ግን አልነበረም። ፎቶግራፌን ከጠረጴዛው ራስ አቁመው ሻማ አበሩልኝ፤ እኔም ከፎቶው ጎን ተቀምጬ በላሁ። ስታንካ ሦስት ጊዜ አስጨምራ በላችና ማልቀስ ጀመረች። "እዚሁ ነኝ እኮ" አልኳት። "አውቃለሁ፣ ግን በጣም ያምራል" አለችኝ። በሬ ላይ ስትደርስም አንበሳውን አይታ ቆማ ቀርታ ነበር። በግ አላለችውም። "ደኅና ዋልክ ጋቭሪሎ" ብላው ነው የገባችው።

ከዚያ ትልልቆቹ ሴቶች ጠየቁ። "ፓውና፣ ውሃሽን የሚቀዳልሽ ማነው?" የስታንካ የልጅ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ሊያዝኑልኝ እንደሆነ ገባኝና ቀደምኳቸው።

"ትራያን" አልኩ።

"ቪየና ያለው?"

"አዎ። ጽፎልኛል።"

በገዛ ተዝካሬ ላይ ዋሸሁ። ውሃ መቅዳት የልጃገረድ ነው፣ ወንድ ቀድቶ አያውቅም ብለው ተንጫጩ። "ቪየና ይቀዳል፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ" አልኳቸው።

አንተ ምንም አታድርግ። የአገራችን ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ ቢጠይቅህ "አዎ" በል፣ ሌላ አልጠይቅህም። መኪናውንም እንደፈለግህ። ሪዝ ያለው አንበሳ ከፈለጉ ይውሰዱት፤ እኔ ግን በሩን አልከፍትላቸውም።

ፓውና


ቪየና፣ መስከረም 17 ቀን 1985

ለውድ አክስቴ ለፓውና፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ከተዝካርዎ አሻግሮ ያርዝመው።

ዘገየሁ፤ ምክንያቱም ተናድጄ ነበር። ሲሚንቶ የምትለዋን ቃል ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፣ ቀጥዬ ደግሞ ተቀመጥኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ለእርስዎም ለፔትሮንዬም የማይላክ ደብዳቤ ስጽፍ ሰነበትኩ። ከዚያ ወደ አዳራሹ ኃላፊ ሄጄ አንበሳው እንደማይመጣ ነገርኩት። "በጣም ያሳዝናል። በሉ ለጸደይ ሌላ ይሥሩልን" አለኝ።

ለጸደይ። ይህ ሰው ሥራዬን ለአንዲት ቀን እንኳ እንዳልተረዳው ገባኝ። መንገድ ላይ ስሄድ ደግሞ እኔም እንዳልተረዳሁት ገባኝ። እርስዎን "ይጠብቁ፣ ይጠብቁ" እያልኩ በዓመት ከመንፈቁ የጭነት መኪና ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ሲሚንቶው አያሳስብዎት። ውሃው ገመድና ሲሚንቶ አይለይም፤ እሱንም ያለብሰዋል። ሪዙ ግን እየወፈረ ነው የሚሄደው።

ባለፈው ዓመት ስለ ውሃ መቅዳቱ ሲጽፉልኝ እኔ ስለ ሽንኩርት መለስኩልዎ። ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ገብቶኝ ነበር፤ ፈርቼ ነው። እርስዎ የማይኖሩበትን ቫልያ ሬቼ ማሰብ አልፈለግሁም። እዚያ ስትንቦጫረቅ የሚያሳድድህ ሰው አለ ብሎ ማሰብ በጣም ደስ ይል ነበር።

ያሉት ውሸት አይደለም። እቀዳለሁ። እንዴት እንደሚቀዳ ግን አላውቅም፤ ማስተማር ይኖርብዎታል። መኪናው አይመጣም። ለቅዱስ ዲሜጥሮስ እኔ በዓርቡ አውቶቡስ እመጣለሁ።

የጠርሙሱ ክዳን ተገኝቷል። ይዤው እመጣለሁ።

የእርስዎው፣
ትራያን


ቫልያ ሬቼ፣ ዲሜጥሮስ ሲቃረብ፣ 1985

ለትራያኔ፣

መንገዱ ሜዳ ይሁንልህ፣ ጉምሩኩም ያንቀላፋ።

ደብዳቤህን ስታንካ ናት ያነበበችልኝ፤ መነጽሬ ጠፍቶ አይደለም፣ እንድትሰማው ብዬ ነው። "እቀዳለሁ" የምትለዋ ላይ ስትደርስ ድጋሚ አስነበብኳት።

አንድ ነገር ግን አሳቤን አዛብቶብኛል። ተዝካሬን በልቼ ጨርሻለሁ፣ ጸሎቱም ደርሷል፣ ምንም የቀረኝ ነገር የለም። ይህ ብርድ ሲያልፍ ቀስ ብዬ ልሄድ አስቤ ነበር። አሁን ሳየው እንዴት ተደርጎ? ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን የሚያራግፈው አንበሳው ላይ ነው። ማን ይለቅምለታል? ለፔትሮንዬ ብተወው መነጽር ነው የሚሠራለት። ጎፈሩ እስኪወጣ አሥራ ሁለት ዓመት ብለኸኝ የለ? ይሁን፣ እቆያለሁ። ጉልበቴ አልተስማማም፤ እኔ ግን አላማከርኩትም።

ትናንት ደግሞ ስታንካ አንዱን አንበሳዋን በጋሪ ጭና መጣች። "በረዶው አፍንጫውን ሰንጥቆታል፤ ትንሽ ጊዜ ውሃሽ ሥር ይቀመጥልኝ" አለችኝ።

"ትንሽ ጊዜ ስንት ነው?" አልኳት።

አስገባሁላት። አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውሃ ይፈነጠቅባቸዋል። እንዳሰብኩት የእኔ በር ሁለት አንበሳ አለው። የእሷ ግን አንድ ቀርቶለት ባል የሞተበት መስሏል፤ ይህን አልነገርኳትም፣ ለዲሜጥሮስ አቆይቼዋለሁ።

ሁለት ባልዲ አዘጋጅቼልሃለሁ፣ ድንጋይ ያልሆኑ። ከምንጩ እስከ ስታንካ ደጅ ዳገት ነው። በመጣህ ማግስት ትጀምራለህ። ውሃ መቅዳትን እኔ እያለሁ ልመደው፤ ስታፈስ የሚቆጣህ ሰው ከሌለ አትማርም።

ዱላም አዲስ ቆርጬልሃለሁ።

አክስትህ፣
ፓውና